ስለ ፍሬን አልባ አውሬዎቻችሁ እና ስለ እህቴ ግንብ

ለክቡር የአጥቂ ፍጥረታት ንድፍ ክፍል ዋና ኃላፊ፤
የውጊያ ካርድ ጨዋታ አሳታሚ ድርጅት፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደ ሆነ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። የደም ግፊትዎ ልከኛ፣ እንቅልፍዎ ጣፋጭ፣ የምግብ ፍላጎትዎም ያልተጓደለ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ጥርሱን ካገጠጠ አውሬ ጋር ተፋጥጦ የሚውል ሰው ጤና ከማንም በላይ ያስፈልገዋልና። በስምዎ ልጠራዎት ፈልጌ ነበር። ነገር ግን ከዚህ ቀደም በትሕትና ለላክሁት ደብዳቤ ከቢሮዎ የመጣልኝ መልስ ግርጌው ላይ «የንድፍ ክፍሉ» ከሚል በስተቀር የሰው ስም ስላልነበረበት፣ ክቡርነትዎን በወንበርዎ ለመጥራት ተገድጃለሁ። ወንበርዎም ደኅና እንደ ሆነ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስሁት ከተለማማጅ አጠገብ ተቀምጬ፣ እግሬን በእኔ በኩል ባለችው ሁለተኛ ፍሬን ላይ አሳርፌ ነው። ይህችን ፍሬን የማያውቋት ከሆነ፣ ተለማማጁ ቤንዚን መስጫውን እንደ ደመኛው ሲረግጠው አስተማሪው ቀስ ብሎ የሚረግጣት፣ የብዙ እግረኛ ነፍስ ያተረፈች ትንሽ ብረት ናት። ፍጥነት የምጠላ ሰው እንዳይመስልዎት፤ መኪና የተሠራው ሊሄድ ነው። ብቻ ፍሬን የሌለው ነገር ሠርቶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ፊቱ ላይ ቀንድ ተክሎ፣ «ፈጠራ ነው» እያለ የሚሸለም ሰው በሙያ ዘመኔ አይቼ አላውቅም ነበር፤ እርስዎን እስካገኝ ድረስ።

የምጽፍልዎ ስለ ታላቅ እህቴ ነው። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ይላታል፤ እኔም እንደዚያው። እትዬ የሆስፒታል ካርድ ክፍል ሠራተኛ ነበረች። የበሽተኛውን ካርድ ከመደርደሪያ አውጥታ፣ በትንሿ መስኮት በኩል ስሙን ትጠራለች። ስሙን ስል ሙሉ ስሙን ማለቴ ነው፤ ከነአባቱ፣ ከነአያቱ። ስም ከተቆረጠ የአንዱ መርፌ በሌላው ክንድ ላይ ያርፋል ትል ነበር። የቸኮለ ሐኪም ብቅ ብሎ «እሱ ነው በቃ፣ ግባ በይው» ቢላት እንኳ ንቅንቅ አትልም፤ የመስኮቱን ደፍ በጣቷ አንጓ ኳ ኳ አድርጋ፣ ሙሉ ስም እስኪጠራ ሐኪሙንም በሽተኛውንም እኩል ታስጠብቃቸዋለች። ድምፅዋ የተጠባባቂውን አዳራሽ አልፎ በር ላይ ያለው ዘበኛ ጋ ይደርስ ነበር።

ከዚያ ስትሮክ መጣና ያንን ድምፅ ወሰደው። ቀኝ እጇ ሰነፈ፤ ቃል ደግሞ ጉሮሮዋ ጋ እየደረሰ ይመለስ ጀመር። ሐሳቧ ሙሉ ነው፣ ዓይኗ ይናገራል፣ አፏ ግን ይዘገያል። የንግግር ሐኪሟ ለቤተሰቡ የሰጠችን ትእዛዝ አንድ ብቻ ነበር። ቃሏን አትጨርሱላት፣ ጠብቁ፤ የማይጠበቅ ቃል መምጣቱን ያቆማል አለችን። እንግዲህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ይኸው ነው፤ የአንዲት ሴት ቃል ይመጣል ወይስ ይቀራል የሚል።

የእርስዎን ካርዶች ወደ ቤታችን ያስገባችው የእትዬ ልጅ ናት። ሰው ሠራሽ ጥርስ የምትሠራ፣ እጇ የሠለጠነ ልጅ ናት። ካርድ ማንሣትና መደርደር የእናቷን ጣቶች ያፍታታል ብላ አሰበች። በመጀመሪያው ቀን አንዱን ካርድ ጠረጴዛው ላይ ጣል ስታደርገው እትዬ በጣቷ አንጓ ጠረጴዛውን ኳ ኳ አደረገች። ምን እንደ ፈለገች እስኪገባን ድረስ ውኃም አቀረብን፣ ትራስም አመጣን፣ መስኮትም ዘጋን። የፈለገችው ስሙን ነበር። ካርድ ሲወጣ ሙሉ ስሙ መጠራት አለበት። ከዚያች ቀን ወዲህ በቤታችን ሙሉ ስሙ ያልተጠራ ካርድ ጠረጴዛ ነክቶ አያውቅም። እሷም ብትሆን ከሕመሟ በኋላ ጥርት አድርጋ የተናገረችው የመጀመሪያው ቃል «ግንብ» የሚለው ነው፤ «የማይናወጠው የደጅ ግንብ» ከሚለው ካርዳችሁ ላይ። እኔ ስንቱ ተለማማጅ ግድግዳ ላይ ሲለጥፈኝ ያልደነገጥሁት ሰውዬ ወደ ጓሮ ወጥቼ አለቀስሁ። ለዚያ ግንብ ምስጋናዬ የእውነት ነው፤ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከሚያገኙት ምስጋና ሁሉ የእውነቱ እሱ ብቻ ስለ ሆነ በደንብ ያስቀምጡት።

ይህ ሰው ሁሉ የሚያነበው ግልጽ ደብዳቤ ነውና ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ፤ ክቡርነትዎ ለጥቂት ጊዜ ይታገሡኝ፤ መታገሥ ምን እንደሚመስል ለማየትም ይጠቅምዎታል። ሁለት ተጫዋቾች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ የራሱ የካርድ ጥቅል አለው፤ የተወሰነ ነፍስም አለው። ተራ በደረሰው ቁጥር ጉልበቱ በትንሹ ይጨምራል፤ በዚያ ጉልበት ፍጥረት ያወጣል። ፍጥረቱ ወይ ሄዶ የባላጋራውን ነፍስ ይመታል፣ ወይ ቆሞ የሚመጣውን ምት ይመክታል። ነፍሱ ያለቀበት ተሸነፈ። ግንብ የሚባለው የማይመታ፣ የማይሮጥ፣ ቆሞ ብቻ የሚመክት ፍጥረት ነው። እትዬ ግንብ ትወዳለች። ግንቡ ቆሞ ሳለ እሷ ቃሏን ትፈልጋለች።

ውሎ አድሮ ከእኛ ጋር መጫወት ሰለቻት። እኔ እያወቅሁ እሸነፍላታለሁ፤ እሷም ታውቅብኛለች። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ማታ ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ፣ ከሰፈራችን ወጣ ብሎ ወዳለው የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በመኪናዬ እወስዳት ጀመር። ባለመደብሩ ከኋላ፣ በወረቀት እሽጎችና በአሮጌ ኮፒ ማሽን መካከል፣ ለካርድ ተጫዋቾች ጠረጴዛ ዘርግቷል። ግድግዳው ላይ የድርጅታችሁ ማኅተም ያለበት ምስክር ወረቀት ተሰቅሏል፤ ደንባችሁን ካላከበረ ማኅተሙ ይነሣበታል፣ ካርድም አይላክለትም። እትዬ እዚያ ከማያውቋት ሰዎች ጋር ተጫወተች፣ አሸነፈች፣ ተሸነፈች፣ ሳቀች። ቃላቷም አንድ በአንድ ይመለሱ ጀመር።

ይህ ሁሉ አዲሱ የካርዶቻችሁ እትም እስኪወጣ ድረስ ነው። እነሆ እንግዲህ ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ። ከመልሳችሁ ጋር «የአጥቂ ፍጥረት ንድፍ መርሆች» የሚል ማብራሪያ አያይዛችሁልኝ ስለ ነበር፣ እንደ መንጃ ፈቃድ ፈተና አጥንቼዋለሁ።

1ኛ. አጥቂ ፍጥረት በትንሽ ጉልበት መውጣት፣ በትልቁ መምታት አለበት ብላችኋል። ከየት አምጥታችሁ? ከመከላከያው ቀንሳችሁ። ይኼን «ሚዛን» ብላችሁ ጠርታችሁታል። እኔ በሠራሁበት መንገድ ላይ ሞተሩ የጭነት መኪና፣ ቦዲው ካርቶን የሆነ ነገር ሚዛናዊ አይባልም፤ ይያዛል። የእናንተው ግን ሰው ወንበሩን ገና ሳያመቻች ይወጣል፤ ቢነኩት ይፈርሳል፣ ነገር ግን የሚነካው ሰው ካርዱን ከእጁ ሳያወጣ እሱ ሥራውን ጨርሷል።

2ኛ. ድሮ አንድ ፍጥረት ከወጣ በኋላ ለመምታት የሚቀጥለውን ተራ ይጠብቅ ነበር። ግሩም ልማድ ነበር። መኪና አስነሥቶ መስተዋት ማየት፣ ግራ ቀኝ መቃኘት ማለት ነው። የአሁኖቹ አጥቂዎቻችሁ ግን እንደ ወጡ ይመታሉ። ማብራሪያችሁ ይህንን «የመደነቅ ስሜት ይፈጥራል» ይላል። እውነት ነው፣ ይፈጥራል። የቆመ ሰው ላይ ሳያዩ መንዳትም ይፈጥራል።

3ኛ. አጥቂ ፍጥረት ጉድለት ሊኖረው ይገባል ብላችሁ፣ መመከት አይችልም፣ በየተራው የግድ ማጥቃት አለበት የሚል ሐረግ ጽፋችሁበታል። እዚህ ላይ ባርኔጣዬን አነሣለሁ፤ በመጀመሪያ ንባብ ይህች ነገር በጣም ነበር የማረከችኝ። ማቆም የማይችል ፍጥረት በገዛ ራሱ ሄዶ ግንብ ላይ ይላተማል፤ ባላጋራውም ብልጥ ከሆነ ያንን ይጠብቃል። ጉድለት ማለት ይህ ነው፤ የተማረ ሰው ሥራ ነው። እባክዎን ይህችን አንቀጽ ያስታውሷት፣ ሰባተኛው ቁጥር ላይ እንገናኛለን።

4ኛ. ይህንን ቁጥር ሳያነቡ ለሚያልፉ ጥድፊያ ላይ ላሉ ባልደረቦችዎ ባዶ ትቼዋለሁ።

5ኛ. ሲሞቱም አያርፉም። አጥቂያችሁ ሲገደል እሳት ይተፋል፣ ይፈነዳል፣ ዘራፍ እያለ ወደ መቃብሩ ይገባል። የገደለው ሰው ይቃጠላል። ከእንዲህ ያለ ፍጥረት ጋር የተጋጨ ሰው ጥፋተኛ ባይሆንም ካሣ ከፋይ እሱ ነው።

6ኛ. ስለ መልካቸው ጥቂት ልበል። ሁሉም ቀይ ናቸው። ሁሉም አፋቸውን ከፍተዋል። አንድ እንኳ አፉን የገጠመ አጥቂ ፈልጌ ጥቅሉን ሁሉ አገላበጥሁት፣ አጣሁ። የእህቴ ልጅ በሙያዋ አይታ፣ ይኼ ሁሉ ጥርስ በዚህ መንጋጋ ውስጥ አይገባም፣ ይህ አውሬ አንድ ቀን አፉን ቢገጥም ምላሱን ይበጥሰዋል ብላለች፤ በነፃ የተሰጠ የባለሙያ አስተያየት ነውና ይጠቀሙበት። ስማቸውስ! የአዲሱ እትም ኮከብ ሙሉ ስም «ደም አነፍናፊው የቀይ ገደል ልጅ፣ የሰባት ነጎድጓድ ጋላቢ፣ አጥንት ሰባሪው ዘራፍ» ነው። ማብራሪያችሁ ስም በረዘመ ቁጥር ፍርሃት ይጨምራል ይላል። ተጫዋቾቹ ግን ማን ምን ቆርጦት ያንን ሁሉ ይጠራል፣ «ዘራፍ» ብለው ጠረጴዛው ላይ ያጮሉታል።

7ኛ. ግንቦቹን አሰናብታችኋል። ከአዲሱ እትም ጀምሮ ግንብ የተባለ ፍጥረት ከነዘር ማንዘሩ ማኅተማችሁ ባለበት መደብር ጠረጴዛ ላይ አይወጣም፤ ምክንያቱም «ተጫዋቾችን ያሰለቻል»። ክቡርነትዎ፣ ሦስተኛውን ቁጥር ያስታውሳሉ? ማቆም አለመቻል ጉድለት የሚሆነው የሚላተሙበት ግንብ ሲኖር ነው። ግንቡን አፍርሳችሁ ሐረጉን ካርዱ ላይ እንደ ነበረ ተዋችሁት፤ ዛሬም «ጉድለት» ትሉታላችሁ። የመንገዱን ሰው ሁሉ አስወጥቶ፣ ይኼ ሹፌር ጉድለቱ መቆም አለመቻሉ ነው ብሎ ቁልፍ እንደ መስጠት ነው። ይህን ያየ ሰው ቆሽቱ ቢያርር ይፈረድበታል?

ሐቅ ለመናገር ያህል፣ አጥቂ አያስፈልግም አላልሁም። አንድ ጊዜ እኔና እትዬ ሁለታችንም ግንብ ብቻ ይዘን ተጋጠምን፤ የእህቴ ልጅ ዳኛ ሆና ተቀምጣ እንቅልፍ ወሰዳት፣ ስትነቃም እኛ እዚያው ነበርን። ስለዚህ ማብራሪያችሁ «አጥቂ ፍጥረት ጨዋታው እንዳይንዛዛ ሰዓት ሆኖ ያገለግላል» ሲል እስማማለሁ። የተጣላሁት ከቤንዚን መስጫው ጋር አይደለም። የተጣላሁት ከቤንዚን መስጫው ሌላ ምንም ነገር ያልገጠመለት መሐንዲስ ጋር ነው።

አሁን የሆነውን ልንገርዎ። በመደብሩ ውስጥ ጥድፌ የሚሉት ሰው አለ። በሞተር ብስክሌት ዕቃ አድራሽ ነው፤ ቆሞ ነው የሚጫወተው፣ ሄልሜቱን ጠረጴዛው ላይ ጎልቶ፣ ስልኩን በአንድ ዓይኑ እያየ። እኔና እሱ በሙያ ደመኞች ነን። ክፉ ሰው ግን አይደለም፤ እትዬ ስትመጣ ቀድሞ ወንበር የሚስብላት እሱ ነው። አዲሱ እትም በወጣ ሰሞን ከእሷ ጋር ተቀመጠ። ከእሷ ጥቅል ግንቦቹ ወጥተዋል፤ በምትካቸው ሌሎች ረጋ ያሉ ፍጥረታት ገብተዋል። የእሱ አውሬ ከወጣ ጀምሮ እየተመላለሰ ይመታታል። እትዬ ካርድ መረጠች፣ ስሙን ልትጠራ አፏን ከፈተች። «የ...» አለች። «የ...»።

እኛ ቤት ይህች «የ» ትከበራለች። ድስቱ እሳት ላይ ቢሆን እንኳ እንጠብቃታለን። ጥድፌ ግን በቅን ልቦናው ቃሏን ከአፏ ነጥቆ ጨረሰላት። «የወንዝ ጠባቂ ማለትዎ ነው አይደል፣ እትዬ? ያውጧት ግድ የለም፣ ለማንኛውም አልቋል» አለና አውሬውን ገፋ አደረገው። በእርግጥም አልቆ ነበር። እትዬ አፏ ለጥቂት ጊዜ እንደ ተከፈተ ቀረ። ከዚያ ካርዷን፣ አፏ ላይ ከቀረው ቃል ጋር፣ ወደ ቦርሳዋ ከተተችው።

ካርዶቹ ቁም ሣጥን ገቡ። እሷም መናገር ተወች። ጨው ስትፈልግ በጣቷ ታሳያለች፣ መስኮት እንዲከፈት ስትፈልግ በአገጯ ታሳያለች። ስሜን ስትጠራኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን እጄን ነካ ታደርጋለች። የንግግር ሐኪሟ መጥታ አየቻት፤ ወጥታ በር ላይ ስታናግረኝ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ እኔም ያንን ዝቅ ያለ ድምፅ ፈራሁት። በቤታችን ውስጥ ከዚያ የከፋ ጸጥታ አላስታውስም።

እኔ ታዲያ ምን አደረግሁ? የማውቀውን። ወደ መደብሩ ሄጄ ጥድፌን ጮህሁበት። እሱም ሄልሜቱን አቅፎ፣ «ጋሼ፣ እኔ ምን ላድርግ? ካርዱ ላይ የግድ ያጠቃል ይላል እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይላል። ስለዚህ ቁጣዬን ከእሱ ላይ አንሥቼ ለባለቤቱ ልኬዋለሁ፤ እነሆ በእጅዎ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፍሁልዎም ያኔ ነው። የቢሮዎ መልስ እህቴ እንድትድን የሚከተለውን መከረ፤ «ውድ ደንበኛችን፣ እህትዎ ከፈጣኑ የጨዋታ ስልት ጋር ለመላመድ እርሷም የአጥቂ ጥቅል እንድትይዝ እናበረታታለን»። ክቡርነትዎ፣ ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝና ይህ ምክር መስማት ለተሳነው ሰው ጮክ ብሎ እንደ ማውራት ያለ ነው። ለማበረታቻው ግን እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። ተበረታትቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ካርዶቿን ለመደብሩ ልመልሳቸው ወሰንሁ፤ ቁም ሣጥኑን በከፈትሁ ቁጥር ዓይኔ እዚያ ላይ ማረፉ አሳመመኝ። ጥቅሉን ይዤ ስወጣ እትዬ ቀድማኝ መኪናው ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን አስራ ተቀምጣለች። ልትሰናበታቸው መሰለኝ። መደብሩ ውስጥ ጥድፌ ከባለመደብሩ ጋር ይጫወታል። እንደ ልማዱ «ዘራፍ!» ብሎ ኮከባችሁን ጠረጴዛው ላይ አጮለው።

ኳ ኳ አለ።

እትዬ ናት፤ ከኋላው ቆማ፣ በጣቷ አንጓ የጠረጴዛውን ጠርዝ። ጥድፌ ዞረ። «ምን ፈልገው ነው?» ሲል እኔን ጠየቀኝ። ስሙን አልሁት፣ ሙሉ ስሙን። ሳቀና «ዘራፍ ነዋ» አለ። ኳ ኳ። ካርዱን አነሣና ማንበብ ጀመረ። «ደም አነፍናፊው የቀይ... የሰባት ገደል... አጥንት ጋላቢው...» መደብሩ በሳቅ ፈረሰ። ነጋ ጠባ «ዘራፍ» ሲል የከረመ ሰው የገዛ አውሬውን ስም አያውቀውም።

ባለመደብሩ ግን ለማኅተሙ ፈራ። ይህ ነገር በደንቡ ይከለከል እንደ ሆነ ብሎ የደንብ መጽሐፋችሁን ከመደርደሪያ አወረደ። የሚከለክል አንቀጽ ሲፈልግ ያገኘው የሚያዝ አንቀጽ ነው። «ካርድ የሚያወጣ ተጫዋች የካርዱን ስም ለተጋጣሚው ያሳውቃል» ይላል። ክቡርነትዎ፣ የራሳችሁ ደንብ ነው። ጽፋችሁ የረሳችሁት፣ ተጫዋቹም እናንተም ስትጣደፉ የዘለላችሁት። እትዬ ግን ካርድ ክፍል ውስጥ ስታከብረው ኖራለች፣ ድርጅታችሁ ገና ሳይወለድ።

ያኔ ነው እትዬ አፏን የከፈተችው።

«ደም አነፍናፊው» አለች። ቀጣዩን ቃል ትፈልግ ጀመር። ማንም አልጨረሰላትም፤ ጥድፌ ራሱ መዳፉን አፉ ላይ ጭኖ ነበር። «የቀይ ገደል ልጅ።» የጥድፌ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተንጫረረ፣ እሱም ሳያየው ገለበጠው። «የሰባት... የሰባት ነጎድጓድ ጋላቢ።» እኔ ሳላውቀው እግሬን መሬቱ ላይ ተክዬ እረግጥ ነበር፤ የሌለች ፍሬን። «አጥንት ሰባሪው» አለችና ትንፋሽ ወሰደች፤ ከዚያ በዚያ አዳራሹን አልፎ ዘበኛው ጋ በሚደርሰው ድምፅዋ፣ «ዘራፍ!» ብላ ጠራችው። ኮፒ ልታስነሣ የገባች ሴትዮ ተራዋ የደረሰ መስሏት ብድግ አለች።

ያ ስም መቼ እንደ ገባት አላውቅም። ሲመታት፣ ሲመታት፣ ካርዱ ላይ እያነበበች በዝምታ ስታጠናው ኖራለች መሰለኝ። ከዚያ ተቀመጠችና ከጥድፌ ጋር ተጫወተች። ተሸነፈች ደግሞ፤ እዋሻለሁ ብለው እንዳይጠብቁኝ። አውሬያችሁ ዛሬም በርካሽ ይወጣል፣ ዛሬም እንደ ወጣ ይመታል። ነገር ግን በዚያ ጠረጴዛ ላይ አሁን ሙሉ ስሙ ሳይጠራ አይወጣም፤ የጠራውም ሰው ከተሳሳተ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ጥድፌ ቁጭ ብሎ መጫወት ጀምሯል፤ ቆሞ ያን ሁሉ ስም ለመጥራት ትንፋሽ አይበቃውም። እሱ ትንፋሽ እስኪሰበስብ እትዬ ቃሏን ትፈልጋለች። አብዛኛውን ጊዜ ታገኘዋለች። በቀደም ዕለት ወተት ሲገነፍልባት ከኩሽና «ደም አነፍናፊው!» ብላ ስትጮህ ሰምቼ ከወንበሬ ልወድቅ ነበር።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ለሚከተሉት ከልብ አመሰግናለሁ። ግንቡን ስላፈረሳችሁብን፣ ሌላ እንድንሠራ አስገድዳችሁናልና። ለእህቴ መዳኛ ብላችሁ በሽታዋን ስላዘዛችሁላት፣ ደግነት ነው። ደንብ ጽፋችሁ ስለ ረሳችሁትም አመሰግናለሁ፤ ባትረሱት ኖሮ ይህንንም «ያሰለቻል» ብላችሁ ታነሡት ነበር። ለእህቴ ግን ይህ ጨዋታ አልነበረም። እናንተ አንዲት ሴት ቃል አፏ ላይ ይዛ እንድትቀር ያደረገ ነገር ሠርታችሁ ሽልማት ተቀብላችኋል፤ ይህንን ሌላውን ሁሉ እየቀለድሁ ብጽፍም እየቀለድሁ አልጻፍሁትም።

ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለወንበርዎ እና አፋቸውን ለማይገጥሙት ፍጥረታትዎ ሁሉ መልካሙን እየተመኘሁ፣ እግሬን ከሁለተኛዋ ፍሬን ላይ ሳላነሣ፣ በፍጹም አክብሮት እሰናበታለሁ።

ጡረተኛው የመኪና መንዳት አስተማሪ፣
የእትዬ ታናሽ ወንድም

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ በሚመጣው እትም የአጥቂዎቹን ስም ለማሳጠር አስባችሁ ከሆነ እባካችሁ ተዉት። ከሥራችሁ ሁሉ የጠቀመን እሱ ብቻ ነው። እንዲያውም ጨምሩበት።

ሌላ ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ለእትዬ አነበብሁላት። እስከ መጨረሻው አዳመጠች፣ ከዚያም ጠረጴዛውን በጣቷ አንጓ ኳ ኳ አደረገች። የጎደለ ነገር አለ ማለቷ ነው። የሚከተለውን እሷ ተናግራ እኔ ጻፍሁት፤ ረጅም ከሰዓት ወሰደባት፣ ማንም አልጨረሰላትም። «ሰውዬው ስሙን ይላክልኝ። ከነአባቱ፣ ከነአያቱ። ተራው ሲደርስ እጠራዋለሁ። እስከዚያ ይጠብቅ።»